ቆጥረው ያልጨረሱት ለምንድን ነው?

በፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን አጋማሽ ላይ የሚመጣው የአሜሪካ ምርጫ፣ ሚድተርም የሚሉት፣ በተካሄደ ማግስት ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ስልክ ይበዛል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ይሄን ሁሉ ቴክኖሎጂ ይዘው እስካሁን ቆጥረው አልጨረሱም እንዴ?» አጎቴ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። በምርጫ 97 ታዛቢ ሆኖ ጣቢያ ላይ ያደረ ሰው ነው። «ልጄ፣ ያደረ ቆጠራ ነገር አለው» ይለኛል።

አልፈርድበትም። በዚያ ምርጫ ውጤት ላይ የተነሳው ውዝግብ የሰው ሕይወት አስከፍሏል። ያንን ያየ ሰው ቆጠራው ዘገየ ሲባል ቶሎ የሚታየው ኮሮጆ ግልበጣ ነው። አሜሪካ ውስጥም እንደዚሁ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ነገሩን ከጓዳው አይቼዋለሁ። እዚህ አገር በቆጠራ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሌባ አይደለም። ወረቀት ነው፣ ፕሪንተር ነው፣ ፖስታ ነው፣ ፖስታው መቼ ይከፈት የሚለው ሕግ ነው። ሌባ ሲመጣም የሚይዘው ያው አሰልቺ የሚመስለው የወረቀት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ እንደ እኛ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ተቀምጦ ለአገር የሚያውጅ መሥሪያ ቤት የለም። ምርጫው የየክፍለ ግዛቱ ነው። መሬት ላይ የሚሠሩት ደግሞ ካውንቲ የሚባሉት የክፍለ ግዛቱ ንዑስ አስተዳደሮችና ከተሞች ናቸው፤ ተደምረው ወደ 10,000 ይጠጋሉ። ማሽኑ ይለያያል፣ ወረቀቱ ይለያያል፣ ሕጉም ይለያያል። በምርጫው ሌሊት «እገሌ አሸነፈ» የሚሉት የዜና ድርጅቶች ናቸው። አሶሺየትድ ፕሬስ ይህን ሥራ ከ1848 ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። ያልተቆጠረው ድምፅ ከኋላ ያለውን ዕጩ ወደ ፊት ሊያመጣ አይችልም ብሎ ሲያረጋግጥ አሸናፊውን ይናገራል። ሕጋዊው ውጤት የሚጸድቀው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው። በአንድ ሌሊት ቆጥሮ ጨርሶ ያጸደቀ ክፍለ ግዛት የለም፤ ድሮም አልነበረም።

የእኔ ጣቢያ የአንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው። በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 11 ላይ እንገባለን፤ በሩ 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ማለዳ የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ማሽኑ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ዜሮ የሚል ረጅም ደረሰኝ ያወጣል፤ እንፈርምበታለን። ከሁለቱም ፓርቲ የመጣን ሰዎች ነን። ከዚያ ማዶ ደግሞ የፓርቲዎቹ ታዛቢዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ።

ዋናው ሥራ የሚመጣው ግን በሩ ሲዘጋ ነው። መዝገቡ ላይ ስንት ሰው ቀረበ? ማሽኑ ስንት ወረቀት ተቀበለ? ሁለቱ ቁጥሮች መግጠም አለባቸው። አንድ ምሽት አልገጠሙም። መዝገቡ በአንድ በለጠ። የጣቢያውን ውጤት ያየ ሰው አንድ ወረቀት ምንም እንደማይለውጥ ያውቃል። ቢሆንም ማንም «እንለፈው» አላለም። አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው ናት፤ በፖለቲካ በምንም አንገናኝም። ያልተሠራባቸውን ወረቀቶች ጥቅል በጥቅል እየፈታች፣ አውራ ጣቷን እያረጠበች መቁጠር ጀመረች። እኔ የተበላሹ ወረቀቶች የሚገቡበትን ፖስታ ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጇ አላስቆም ብሏት ወረቀቱን ሳትሞላ ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጥታ ነበር። ባልደረባችን ወረቀቱን አክብሮ ፖስታው ውስጥ ከትቶታል፤ ቅጹ ላይ መመዝገቡን ግን ረስቶታል። ምክንያቱን ጻፍን፣ ሁላችንም ፈረምን፣ ታዛቢዎቹም አዩ። ቤቴ የደረስኩት በጣም መሽቶ ነው።

ይህን የማወራው የእኛ ጣቢያ ልዩ ስለሆነ አይደለም። በየጣቢያው የሚሆነው ይኸው ነው። «ለምን ዘገየ» ለሚለው ጥያቄ ካለኝ መልስ ግማሹ ያቺ አንዷ ወረቀት ናት።

ቀሪው ግማሽ በፖስታ የሚሰጠው ድምፅ ነው። በ2018 ለአሪዞና የሴኔት መቀመጫ ማርታ ማክሳሊና ኪርስተን ሲኔማ ተወዳደሩ። በምርጫው ሌሊት ሪፐብሊካኗ ማክሳሊ እየመራች አደረች። ቀናት ሲያልፉ ሲኔማ ቀደመቻት፤ መጨረሻ ላይ ወደ 56,000 በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈች። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሳይቀሩ ስለ አሪዞና ጥርጣሬያቸውን ጽፈው ነበር። ግን የተደበቀ ነገር አልነበረም። የአሪዞና ሕዝብ በብዛት ወረቀቱ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ብዙው ሰው ፖስታውን እስከ መጨረሻው ቀን ይዞት ቆይቶ በምርጫው ዕለት ራሱ ጣቢያ ወስዶ ይጥለዋል። የእያንዳንዱ ፖስታ ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ፊርማ ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ ከሁለት ፓርቲ የመጡ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ይከፍቱታል። ማሽን የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2022 ማሪኮፓ ካውንቲ ብቻ በምርጫው ዕለት የተጣለለት ፖስታ 290,000 ገደማ ነበር። እንዲህ ያለ ክምር በአንድ ሌሊት አያልቅም።

ማክሳሊ ግን ያደረገችውን አልረሳም። መሸነፏን ስታውቅ ሶፋ ላይ ከውሻዋ ጋር ተቀምጣ አጭር ቪዲዮ ቀረጸች። ለሲኔማ እንኳን ደስ አለሽ አለች። አለቀ። አንድ ተሸናፊ ሰው በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የሚያበርደው ነገር ሺህ የምርጫ አስፈጻሚ በዓመት የማይችለው ነው።

በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ያንግ ኪም የምትባል የሪፐብሊካን ዕጩ በምርጫው ሌሊት ትመራ ነበር። ለአዲስ ተመራጮች የሚሰጠውን ገለጻ ለመከታተል ዋሽንግተን ድረስ ሄዳለች። ቆጠራው ሲያልቅ ግን ያሸነፈው ተፎካካሪዋ ጊል ሲስኔሮስ ሆነ። በ2020 ተመልሳ ተወዳደረችና አሸነፈች። ሁለቱንም ጊዜ አሸናፊውን የለየው ቆጥሮ መጨረሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በፖስታ የመጣ ድምፅ ከምርጫው ዕለት ጠዋት በፊት እንዳይከፈት ሕግ ይከለክላል። ፖስታዎቹ ለሳምንታት ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ። ዊስኮንሲንም እንዲሁ ነው። የካውንቲ ሠራተኞቹ «ቀደም ብለን እንክፈት፣ ውጤቱን ሳንናገር አዘጋጅተን እናቆየው» እያሉ ዓመታት ለምነዋል። ፍሎሪዳ ይህን ትፈቅዳለች፤ ስለዚህ በ2022 ፍሎሪዳ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ውጤቶች በሰዓታት ውስጥ ታወቁ። ሕግ አውጪዎቹ እግሩን አስረውት «ለምን አልሮጠም» ይላሉ። ይህ የሁለቱም ፓርቲ ጥፋት ነው ብዬ ለማመጣጠን አልሞክርም። ቀድሞ መክፈትን የሚከለክል ሕግ እንዳይሻሻል ያደረገ ሁሉ፣ ለሚመጣው ጥርጣሬ ድርሻ አለው።

«በሌሊቱ የታወቀው ውጤት ይጽና፣ የቀረው ይቅር» የሚል ሐሳብም አለ። በኅዳር 2018 ትራምፕ ስለ ፍሎሪዳ ይህንኑ ብለው ነበር። ግን በፍሎሪዳ ሕግ ውጭ አገር ያሉ ወታደሮችና ዜጎች የላኩት ወረቀት ከምርጫው በኋላ እስከ 10 ቀን ድረስ ቢደርስ ይቆጠራል። በሌሊቱ ይቁም ማለት የወታደሩን ድምፅ ጣሉት ማለት ነው።

ፍሎሪዳ ካነሳሁ የብራዋርድ ካውንቲን ነገር ሳላወራ አላልፍም። ከቆጠራ ጭቅጭቆች ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያው 2018 ለሴኔት መቀመጫ ሪፐብሊካኑ ሪክ ስኮትና ዴሞክራቱ ቢል ኔልሰን ተፎካክረው፣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ፣ ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ሆነ። በፍሎሪዳ ሕግ ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በማሽን እንደገና ይቆጠራል፤ ከመቶ ሩብ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ያላነበባቸው ወረቀቶች በእጅ ይታያሉ። ሁሉም ዓይን ብራዋርድ ላይ አረፈ። እዚያ ካውንቲ ለአገረ ገዥ ከመረጡት ይልቅ ለሴኔት የመረጡት ወደ 25,000 ያንሱ ነበር። የት ገቡ? ተሰረቁ? ማሽኑ ዘለላቸው?

ወረቀቱን ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የመመሪያ ዓምድ አለ። እንዲህ አጥቁር፣ እንዲህ አታድርግ ይላል፤ ያውም በሦስት ቋንቋ። የሴኔቱ ውድድር የተጻፈው ከዚያ መመሪያ ሥር፣ ከግርጌ ጥግ ላይ ነው። የአገረ ገዥው ውድድር ደግሞ በመሃለኛው ዓምድ አናት ላይ። መመሪያ ማን ያነባል? ሰዉ መመሪያውን ዘለለ፣ ከሱ ጋር የሴኔቱንም ውድድር ዘለለው። የፌዴራሉ የምርጫ እገዛ ኮሚሽን መመሪያና ውድድር አንድ ዓምድ ላይ አታድርጉ ብሎ ከዓመታት በፊት መክሮ ነበር። በእጅ ሲታይ ከወረቀቶቹ አብዛኞቹ እውነትም ባዶ ሆነው ተገኙ።

በዚህ ላይ ዳግም ቆጠራው ራሱ ችግር ገጠመው። ፓልም ቢች ካውንቲ ያረጁ ማሽኖቹ ሞቀው አስቸገሩት፤ በሰዓቱ መጨረስ አቃተው። ብራዋርድ ጨረሰ፤ ግን ውጤቱን የላከው ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን ሲገባው 9 ከ2 ደቂቃ ላይ ነው። በሁለት ደቂቃ ምክንያት የማሽን ቆጠራው ተቀባይነት አጣና የመጀመሪያው ቁጥር ጸና። ሪክ ስኮት ማጭበርበር ተንሰራፍቷል ብለው ነበር። በመጨረሻ በ10,033 ድምፅ ያሸነፉት ግን ራሳቸው ናቸው። ኔልሰንም ተቀበሉ። በዓመቱ የፍሎሪዳ ሕግ ተሻሽሎ መመሪያ ባለበት ዓምድ ላይ ውድድር እንዳይኖር አደረገ። አንድ ዓምድ በማዛወር መፍትሔ የሚያገኝ ነገር ላይ ስንት ሰው ጎዳና ወጥቶ ጮኸ!

ማሪኮፓ በ2022 የሆነውም የዚሁ ዘመድ ነው። ማሪኮፓ ማለት ፊኒክስ ያለችበት ካውንቲ ነው፤ ከአሪዞና መራጭ ከግማሽ በላይ እዚያ ነው ያለው። በዚያ ማለዳ ከ223ቱ ጣቢያዎች 70 ገደማ በሚሆኑት ማሽኖቹ ወረቀት አልቀበልም ማለት ጀመሩ። ጣቢያ ላይ የሚታተመው ወረቀት ቀለሙ በደንብ አልያዘም፤ ማሽኑ ምልክቶቹን ማንበብ አቃተው። ሠራተኞቹ መራጩን «እዚህ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይክተቱት፣ ማታ ማዕከል ሄዶ ይቆጠራል» ይሉት ጀመር። የዚህ ሳጥን ስም «ሦስተኛው በር» ነው። ግማሹ ሰው ከተተ። ሌላው «ድምፄን ሳጥን ውስጥ ጥዬ አልሄድም» አለ። የሪፐብሊካን ደጋፊዎች በምርጫው ዕለት በአካል እንዲመርጡ ሲነገራቸው ስለከረመ፣ ሰልፉ ላይ የሚበዙት እነሱ ነበሩ። መናደዳቸው ይገባኛል። ሰዓታት ተሰልፎ ማሽኑ ፊት ሲደርስ «አይቀበልም» የተባለ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በሳጥኑ የገቡት ወደ 17,000 ይጠጉ ነበር፤ ማዕከል ሄደው ተቆጠሩ። ለአገረ ገዥነት ዴሞክራቷ ኬቲ ሆብስ ሪፐብሊካኗን ኬሪ ሌክን ያሸነፈችው ደግሞ በ17,117 ድምፅ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ሲታዩ ወሬው በእሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። ሌክ ፍርድ ቤት ሄደች። ዳኛው ምስክሮቹን ሁሉ ሰምቶ ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር አልተረጋገጠም ብሎ በዲሴምበር 24 ክሱን ጣለው። በኋላ የቀድሞዋ የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሩት ማክግሬጎር ምክንያቱን አጥንተው በ2023 ሪፖርት አወጡ። በዚያ ምርጫ ወረቀቱ ወፍራም ነበር። ርዝመቱም ጨምሯል። ፕሪንተሮቹ ወፍራሙን ረጅም ወረቀት እረፍት በሌለው ፍጥነት ሲያትሙ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያስይዘው ክፍላቸው አቅም አጣ። ወረቀቱ የወፈረው ቀለም ወደ ጀርባ እንዳይዘልቅ ተብሎ ነው። በ2020 ማርከር ወረቀቱን አበላሸ የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር፤ ያንን ወሬ ሊያስቀር የመጣ ወረቀት ሌላ ወሬ ወለደ።

የእኛን ሰው የሚነካው ግን ከሁሉም በላይ የጆርጂያው ነው። በ2018 ለአገረ ገዥነት የተወዳደሩት ብራያን ኬምፕ የክፍለ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ምርጫውን የሚቆጣጠረው ቢሮ የእሳቸው ነው። ተወዳዳሪም ዳኛም መሆን ልክ አይደለም፤ አሁንም ልክ አይመስለኝም። በዚያ ጊዜ የመራጩ ምዝገባ ስም ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ይያዝ ነበር። ከ50,000 በላይ ምዝገባ እንዲህ ተይዞ ነበር። እስቲ የእኛን ስም አስቡት። ገብረ መስቀል አንድ ቦታ ተያይዞ ይጻፋል፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ። አየለ በሁለት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። አትላንታ ዙሪያ ስንት ኢትዮጵያዊ ይኖራል! የተያዘበት ሰው መታወቂያ አሳይቶ መምረጥ ይችል ነበር፤ ይህን ያወቀ ግን ስንቱ ነው? ዜግነታቸው ተጠርጥሮ ለተያዙ ከ3,000 በላይ ሰዎች ደግሞ የፌዴራል ዳኛ ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት መንገዱን አቀለለችላቸው።

የኬምፕ ተፎካካሪ ዴሞክራቷ ስቴሲ ኤብራምስ ወደ 55,000 በሚጠጋ ድምፅ ተሸነፉ። ኤብራምስ «ኬምፕ አገረ ገዥ ሆነው ይጸድቃሉ» ብለው ተናገሩ፤ ሽንፈትን እቀበላለሁ የሚለውን ቃል ግን አልተናገሩም። እሳቸው የመሠረቱት ድርጅት ያቀረበውን ክስ የፌዴራል ዳኛ በ2022 ውድቅ አደረገው። ለዴሞክራት አንባቢዬ ይህን መናገር አለብኝ። የስሙ ሕግ መጥፎ ነበር ማለትና ምርጫው ተሰረቀ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን አምናለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ፍርድ ቤቱ ያየው ማስረጃ አያሳይም።

«ታዲያ የሚሰርቅ የለም?» ካላችሁኝ፣ አለ። በዚያው 2018 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ በ9ኛው የምክር ቤት ወረዳ፣ የሪፐብሊካኑ ማርክ ሃሪስ ዳን ማክሬዲን በ905 ድምፅ ይመራ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ምርጫ ቦርድ ግን አላጸድቅም አለ። ብላደን የሚባል ትንሽ ካውንቲ ውስጥ ለዕጩው ዘመቻ የተቀጠረ ሰው ቤት ለቤት ሰው እየላከ የሰዎችን የፖስታ ድምፅ ያሰበስብ ነበር። አንዳንዱ ወረቀት ሳይሞላ ተወስዷል፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ አልደረሰም።

እንዴት ታወቀ? በቁጥርና በፊርማ። ብላደን ውስጥ ከመጡት የፖስታ ድምፆች ከተመዘገቡ ሪፐብሊካኖች የመጡት 19 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ሃሪስ ከፖስታው ድምፅ 61 በመቶ አገኘ። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ፖስታ ላይ ሁለት ምስክር መፈረም ነበረበት። ጋዜጠኞች ፖስታዎቹን ሲያገላብጡ የአንድ ሰፈር ጥቂት ሰዎች ስም እየተደጋገመ መጣ። የሚያደክም የሚመስለው የምስክር ፊርማ እጅ ከፍንጅ አስያዘ።

በፌብሩዋሪ 2019 ቦርዱ በአደባባይ ችሎት ሰማ። የሃሪስ የገዛ ልጅ፣ ራሱ የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ፣ ቀርቦ አባቱን ስለዚያ ሰው አስቀድሞ አስጠንቅቆት እንደነበር መሰከረ። አባትየው እዚያው ተቀምጦ እንባውን ይጠርግ ነበር። በማግስቱ ሃሪስ ራሱ አዲስ ምርጫ ያስፈልጋል አለ። ሦስት ዴሞክራትና ሁለት ሪፐብሊካን ያሉበት ቦርድ አምስት ለዜሮ ወሰነ። በመስከረም ድጋሚ ምርጫ ተደረገ፤ ያሸነፈው ሌላ ሪፐብሊካን፣ ዳን ቢሾፕ ነው። ስርቆት ሲኖር እንዲህ አሻራ ይተዋል። «ሁሉም ተሰርቋል» ከሚለው ጩኸት የምለየው በዚህ ነው፤ ስም ያለው፣ ካውንቲ ያለው፣ ፖስታ ያለው ክስ አምጡልኝ።

ማሽን ይቅር፣ በእጅ ይቆጠር የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። ኔቫዳ ውስጥ ኤስሜራልዳ የምትባል ሕዝቧ በጣም ጥቂት የሆነ ካውንቲ አለች። በ2022 የፓርቲ ቅድመ ምርጫ 317 ወረቀት በእጅ ቆጠሩ፤ ከሰባት ሰዓት በላይ ፈጀ። ማሪኮፓ በዚያ ዓመት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወረቀት ነበራት፤ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ብዙ ውድድር። በጣም የደከመ ሰው መቶ ወረቀት ሲቆጥር ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ማሽን ይቁጠር፣ ወረቀቱ ይቀመጥ፣ ከወረቀቱ ጥቂቱ ተመዞ በእጅ ይፈተሽ። ማሽንም ሰውም ሲሳሳት መመለሻው ወረቀቱ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የአሪዞናን የ2022 የዋና ዓቃቤ ሕግ ውድድር እዩ። ክሪስ ሜይስ ኤብ ሃማዴን በ511 ድምፅ በልጣ ጸደቀ። ከ2.5 ሚሊዮን ድምፅ ውስጥ ማለት ነው። ዳግም ቆጠራ ሲደረግ ፒናል ካውንቲ የራሱ ሠራተኞች ስህተት ሠርተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ድምፆች ሳይቆጠሩ መቅረታቸው ተገኘ። ካውንቲው አመነ፣ ልዩነቱ ወደ 280 ወረደ፣ አሸናፊዋ አልተቀየረችም። «ስህተት ተገኘ» የሚለውን ይዘው ብዙዎች ጮኹ። እኔን ያረጋጋኝ ግን እሱ ነው። ስህተቱን ያገኘው ሥርዓቱ ራሱ ነው።

አሁን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ቆጠራው አልቆ «አልፈርምም» የሚል ባለሥልጣን። በጁን 2022 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የኦቴሮ ካውንቲ ኮሚሽነሮች የቅድመ ምርጫውን ውጤት አናጸድቅም አሉ፤ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስገደዳቸው። በኅዳር ደግሞ አሪዞና ውስጥ ኮቺስ ካውንቲ ላይ ሁለት ሪፐብሊካን የቦርድ አባላት ቀነ ገደቡ እስኪያልፍ አላጸደቁም። የኮቺስ ድምፅ 47,000 ገደማ ነው፤ ካውንቲው ወደ ሪፐብሊካን ያደላል። ያ ድምፅ ቢወጣ ኖሮ የምክር ቤት መቀመጫ ያጣ የነበረው ሁዋን ሲስኮማኒ ነው፤ የራሳቸው ፓርቲ ሰው! ዳኛ በዚያው ቀን አጽድቁ ብሎ አዘዘ። አንዷ ተመልሳ ፈረመች፤ ሌላው ስብሰባውም ላይ አልተገኘም። የፈረመችው በ2024 በቀላል ወንጀል ጥፋተኛ ነኝ ብላ ቃሏን ሰጠች።

በሌላ በኩል ማሪኮፓን አስቡ። በ2022 የካውንቲው ቦርድ ሊቀመንበር የነበረው ቢል ጌትስ፣ የማይክሮሶፍቱ አይደለም፣ ሪፐብሊካን ነው። የመራጮች መዝገብ ኃላፊ የነበረው ስቴፈን ሪቸርም ሪፐብሊካን ነው። ሁለቱም ፓርቲያቸው የተሸነፈበትን ቆጠራ «ትክክል ነው» ብለው ቆሙ። የግድያ ዛቻ ደረሰባቸው። ጌትስ ዛቻው የአእምሮ ሕመም እንዳስከተለበት በአደባባይ ተናግሮ በ2024 አልወዳደርም አለ። ሪቸር ደግሞ በ2024 በራሱ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ተሸነፈ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲወጡ ማን ይተካቸዋል? ሌሊቱን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሕጉ ጥሩ ቢሆን፣ ማሽኑ አዲስ ቢሆን፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ታማኝ ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ እዚህ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ወንበሩ ክፍት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ያካትታል፤ የምርጫ መረጃ በአማርኛ ይገኛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥም ጣቢያ ላይ አማርኛ የሚናገር ሰው ሲገኝ ምን ያህል እንደሚረዳ አይቻለሁ። ወረቀቱ ተበላሽቶባቸው ሌላ መጠየቅ እንደሚችሉ ሳያውቁ ዝም ብለው ሊወጡ የነበሩ አዛውንቶች አጋጥመውኛል፤ «እማማ፣ አዲስ ወረቀት ይሰጥዎታል» ማለት ብቻ ነው የሚፈለገው። ቨርጂኒያ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ መሆን፣ ሥልጠና መውሰድና ቃለ መሐላ መፈጸም ይበቃል። አበል አለው። የምትኖሩበት ካውንቲ የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ማመልከቻው ይገኛል፤ ሰው የሚያጥራቸው ደግሞ በተለይ በአጋማሽ ዘመን ምርጫ ነው። ከመስከረም በፊት ብታመለክቱ ሥልጠናው ይደርስላችኋል።